ነሐሴ ላይ ጮቄን ለመውጣት ላሰባችሁ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጮቄ ናቸው። ምክንያቱ ይገባኛል። ተራራው በበረዶ ነጭ ሆኖ የሚታይባቸው ፎቶዎች በየስልኩ ይዞራሉ። ያየ ሁሉ ሄዶ መርገጥ ያምረዋል። እኔ የተወለድኩት ሲናን ወረዳ፣ ከተራራው ግርጌ ነው። አሁን ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼንም ይዤ እወጣለሁ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለጮቄ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ ነው። አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጮቄን ለመውጣት አስበናል። ዋናው ፍላጎታችን በረዶውን ማየት ነው። እንጦጦን በየሳምንቱ ስለምንወጣ እግራችን ጠንካራ ነው። አንዱ ጓደኛችን ግን «በክረምት ጮቄ መውጣት እብደት ነው» ብሎ አስፈራራን። እውነት ያን ያህል ያስፈራል? ምንስ እንያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ እብደትስ አይደለም። የጮቄ ሰው ክረምት ከበጋ እዚያው ነው የሚኖረው። በነሐሴ ዝናብ ገሳ ለብሰው በግ የሚጠብቁ ልጆች ታገኛላችሁ። ግን ጓደኛችሁም በከንቱ አላስፈራራችሁም። እንጦጦ ላይ ዶፍ ቢወርድባችሁ ብዙም ሳትቆዩ ታክሲ ውስጥ ናችሁ። ጮቄ ላይ ዝናቡ ሲይዛችሁ የቅርቡ ቤት በእግር ሁለት ሰዓት ሊርቅ ይችላል። የእግር ጥንካሬ ብቻውን እዚህ ላይ አያዋጣም።

በመጀመሪያ ስለ በረዶው ልንገርሽ፤ ዕቅዳችሁን የሚወስነው እሱ ነውና። ፎቶው ላይ ያያችሁት አብዛኛውን ጊዜ ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደው ጠጣሩ በረዶ ነው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች። እርጥቡ አየር ተራራውን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ደመናው ውስጥ ያለው ኃይለኛ ነፋስ የውሃውን ጠብታ ወደ ላይ እየመለሰ ያረጋዋል። መሸከም ሲያቅተው ይለቀዋል። ሽምብራ የሚያህል በረዶ ግማሽ ሰዓት ከወረደ ሜዳው በሙሉ ነጭ ይሆናል። በማግስቱ ፀሐይ ከወጣች ደግሞ ይቀልጣል፤ የሚቆየው ጥላ ያለበት ጥግ ጥጉ ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ ነጩን ጮቄ ለማየት ሁለት መንገድ አለ። ወይ በረዶው ሲወርድ ከሥሩ መገኘት፣ ወይ ታች አድሮ በማለዳ መድረስ። የመጀመሪያውን ተዉት። የሁለተኛውን ላስረዳችሁ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣትም አለ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ለመንገድ ስጡትና ደብረ ማርቆስ እደሩ። በሁለተኛው ቀን ከተራራው ግርጌ ወዳለችው ሮብ ገበያ ከተማ ውጡ። እዚያ አካባቢ ቀስ ብላችሁ ተንሸራሸሩ፤ የድንችና የገብሱን ማሳ እዩ፤ ሳንባችሁም ከፍታውን ይልመደው። ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ሲያጉረመርም ከቤት ሆናችሁ ትሰማላችሁ። በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ላይ፣ ጉዞ ጀምሩ። ማታ በረዶ ጥሎ ካደረ ፎቶ ላይ ያያችሁት ከፊታችሁ ነው። ካልጣለም ጅብራው፣ ያ ሰው መስሎ የሚቆመው የደጋ ተክል፣ ከጓሳው ሣር ጋር ጤዛ ተሸክሞ ይጠብቃችኋል፤ እሱም ቢሆን የመጣችሁበትን መንገድ ያስረሳል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብትሆኑ ተመለሱ። ጫፉ እዚያው ጋ እየታያችሁም ቢሆን። «ትንሽ ቀርቶናል» የሚለው ይመጣል፤ አትስሙት። ክረምት ላይ ደመናው ከቀትር በኋላ ነው የሚጠራቀመው፤ 7 እና 8 ሰዓት ላይ ማዕበሉ እላያችሁ ላይ ነው። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ስወጣ የመመለሻውን ሰዓት ገና ታች ሳለን ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ድርድር የለም። አኩራፊ አይጠፋም፤ ቢያኮርፍም ደረቅ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ደረቅ የምለው ወድጄ አይደለም። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጮቄ 4,000 ሜትርን ያልፋል። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ማርቆስ ላይ 18 ዲግሪ ሲሆን ጫፉ አካባቢ 8 ዲግሪ ገደማ ነው ማለት ነው። ደረቅ ልብስ ለለበሰ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለረጠበ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀትን ከሰውነት ይወስዳል። ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ውርጭ ባይኖርም፣ ሁሉ ነገር ባይረጋም፣ ሰው በ8 ዲግሪ ዝናብ ውስጥ በብርድ ሊሞት ይችላል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ አደጋው ተጀምሯል።

ምልክቱን እወቁት። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ነው፤ እሱ ሰውነት ራሱን ለማሞቅ የሚያደርገው ትግል ነው። የሚያስፈራው መንቀጥቀጡ ቆሞ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪዬ የጃኬቷን ዚፕ ለመዝጋት ስትታገል አየኋት። ጣቶቿ ዚፑን ይነካሉ እንጂ አይዙትም። ዓይኗ ዚፑ ላይ ነው፤ ጣቶቿ ግን አይታዘዟትም። «ደህና ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ» አለችኝ፤ ግን ቃሉን ጎትታ፣ ምላሷ ከብዷት ነው ያለችው። ሌሎቹ ደክሟት መስሏቸው ነበር። ወዲያው ድንጋይ ተከልለን አስቀመጥናት፤ ከሥሯ ቦርሳ አነጠፍንላት። እርጥቡን ሹራብ አውልቀን ደረቅ አለበስናት፤ ራሷን በሻሽ ጠመጠምንላት። ሁለት ጓደኞቿ ግራና ቀኝ ተለጠፉባት፤ ከላይ ላስቲክ ጣልንባቸው። ከፔርሙዝ ስኳር የበዛበት ሻይ በጥቂት በጥቂቱ ጠጣች። ከቆይታ በኋላ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው እኔም የተነፈስኩት። ከዚያ ሁላችንም ወረድን፤ የዚያን ቀን ጉዞ እዚያው አበቃ።

ይህን የምነግርሽ ጓደኛ ጓደኛውን እንዲያይ ነው። የበረደው ሰው ስለ ራሱ አያውቅም። «ደህና ነኝ» ያለውን አትመኑ፤ እጁን እዩ፣ አካሄዱን እዩ፣ ሲናገር ስሙ።

ልብስን በተመለከተ፣ ጂንስ ሱሪ ቤት ይቅር። አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፤ እግርንም ያስራል። ከውስጥ ስስ የስፖርት ልብስ፣ ከላይ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ውሃ የማያስገባ የዝናብ ልብስ። ሱፍ ቢረጥብም እንኳ ጥቂት ሙቀት ይይዛል፤ ጥጥ አይዝም። ጋቢ ይዘን እንምጣ ወይ ብትሉ፣ አምጡ፤ ግን ለማታ። ደረቅ ጋቢን የመሰለ ነገር የለም፤ ውሃ የጠጣ ጋቢ ግን ሸክም ነው። ቅያሪ ልብስና ካልሲ በፌስታል አስራችሁ ቦርሳ ውስጥ አድርጉ። ፌስታሉን እጥፍ አድርጉት። ጫማችሁ ሶሉ የሚቆነጥጥ ይሁን፤ የጮቄ ጭቃ ስኒከር አይወድም። የእጅ ባትሪም ያዙ። የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል፤ ኔትወርክም ቦታ ይመርጣል።

ስለ ወንዝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ የሚባሉት ወንዞች የሚነሱት ከዚሁ ተራራ ነው። ጠዋት ዘላችሁ የተሻገራችሁት ጅረት ከሰዓት በኋላ ሞልቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። እናንተ ጋ ሳይዘንብ ላይ ከዘነበ ይበቃል። የሞላ ውሃ ጉልበት ላይ ከደረሰና ከደፈረሰ አትግቡ። ቁሙና ጠብቁ። ዝናቡ ካባራ በኋላ የተራራ ጅረት ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። የተሸከማችሁት ምግብና ደረቅ ልብስ ያኔ ነው ጥቅሙ የሚታየው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ የምንሠራ ወጣቶች ነን። ፈቃድ የምናገኘው በነሐሴ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ፍልሰታ ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት አንበላም። ጾማችንን እንደያዝን ብንወጣ ችግር አለው?

መልስ፦ ጥያቄያችሁን ስላላለፋችሁት ደስ ብሎኛል፤ ሳይጠይቅ የሚወጣው ይበዛልና። በጾማችሁ አልገባም። እሱ የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ሰውነት ብርድን የሚዋጋው በበላው ነው። መንቀጥቀጥ ራሱ ሥራ ነው፤ ጉልበት ይበላል። ከማታ ጀምሮ ያልበላ ሰው ሽቅብ ሲወጣ ውሎ፣ 8 ሰዓት ላይ በረዶ ቢወርድበት፣ የሚያቃጥለው ነገር የለውም። የጾማችሁ መፍቻና የማዕበሉ ሰዓት አንድ ላይ ነው የገጠመው።

ስለዚህ ጾሙን ሳይሆን ቀኑን አንሱት። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል። ፈቃዳችሁን ወደዚያ ማዞር ከተቻለ አዙሩት፤ ነሐሴ ገና ብዙ ዝናብ አለው፣ አያመልጣችሁም። ካልተቻለ ጫፉን ለሌላ ጊዜ ትታችሁ ከሮብ ገበያ በላይ ባለው አካባቢ ጠዋት ጠዋት ተራመዱና 5 ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ።

ስንቁን በተመለከተ ከአባቶቻችን የተሻለ አላገኘሁም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች። ጭብጦ አድርጋችሁ በፌስታል ከያዛችሁት በሶ በጓንት እጅም ይበላል፤ እሳትም አይፈልግም። ሲርባችሁ አትጠብቁ። በየሰዓቱ አንድ ጉርሻ፣ አንድ እፍኝ። ውሃም ጠጡ፤ በብርድ ጊዜ ጥማት አይሰማም እንጂ ሰውነት ውሃ ያጣል።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ መምህር። እኔ የፍኖተ ሰላም ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬ ገፍቷል። በእኛ ጊዜ ደጋ ስንወጣ አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ቀመስ አድርገን ነበር፤ ብርዱም አይነካን። አሁን የልጅ ልጆቼ «አረቄ ለብርድ አይሆንም» እያሉ ይከራከሩኛል። እስቲ ዳኙን።

መልስ፦ አባቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጆቹ ልክ ናቸው። እርስዎም የተሰማዎትን ነው የሚናገሩት፤ አረቄ ሲጠጡ ሙቀት እንደሚሰማ እውነት ነው። ሙቀቱ ግን ከውስጥ ወደ ቆዳ የወጣ ነው። አረቄው ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍታቸዋል። ልብንና ሳንባን ሊያሞቅ የሚገባው ደም ወደ ቆዳ ይመጣል፤ ነፋሱም እዚያ ያገኘዋል። ፊት ይሞቃል፣ ሆድ ዕቃ ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ መንቀጥቀጡን ይቀንሳል፣ ማስተዋልንም ያደክማል። እናም መለኪያዋን ከጉዞ በኋላ፣ ቤት ገብተው፣ እሳት ዳር ያድርጓት። ተራራ ላይ ላሉት ልጆች የሚሆነው ትኩስ ሻይ ነው።

ከእርስዎ ዘመን ልጆቹ ሊወስዱት የሚገባ ነገር ግን አለ፤ በርኖሱና ገሳው። እረኛው ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ እርስዎ ያውቁታል፤ ላላየ ግን ልንገረው። አይሮጥም። ነፋሱ ከየት እንደመጣ ያያል፤ ጀርባውን ይሰጠዋል። ገሳውን እስከ መሬት ለቆ ቁጢጥ ይላል፤ ጉልበቱን ደረቱ ላይ ይሰበስባል። በጎቹም አጠገቡ ይታጎራሉ። ውሃው በገሳው ሣር ላይ እየተንሸራተተ መሬት ይወርዳል፤ ውስጡ ደረቅ ነው። በረዶው ሲያባራ ተነስቶ ገሳውን ያራግፋል፤ ከዚያ ወደ በጎቹ ነው። የከተማው ልጅ ውድ ጃኬት ለብሶ እየሮጠ ሲያልበው፣ ላቡም ሲያረጥበው፣ ያ ልጅ ሳይረጥብ ይውላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ጮቄ ሊወጣ ነው። እኔ ከሁሉ የምፈራው መብረቅ ነው። ምን ብዬ ልምከረው? ከቢቸና፣ አንዲት እናት።

መልስ፦ እናቴ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። እንዲህ ብለው ይምከሩት። ብልጭታውን ሲያይ መቁጠር ይጀምር። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሦስት ሲቆጥር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ነጎድጓዱ 30 ሳይቆጥር ከተሰማው መብረቁ እሱ ያለበትን ቦታ ሊመታ በሚችልበት ርቀት ላይ ነው። ያን ጊዜ ከሸንተረሩና ከጉብታው ይውረድ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አይጠጋ፤ የጅብራ ግንድ ሥርም እንዲሁ። ዣንጥላ አይዘርጋ። ጓደኞቹ አንድ ላይ አይከማቹ፤ ተራርቀው ቁጢጥ ይበሉ፣ እግራቸውን አቀራርበው። መሬት ላይ አይጋደሙ። መስኮቱ የተዘጋ መኪና በቅርብ ካለ ከሁሉ ይሻላል። የእረኛ ጎጆ ከዝናብ ያድናል እንጂ ከመብረቅ አያድንም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ላይ አይመለስ።

ከሁሉ በፊት ግን የመመለሻ ሰዓቱን ይጠይቁት። 6 ሰዓት ካለዎት ልጅዎ ተምሯል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ስወጣ ራሴን ፈለጠኝ፣ አቅለሸለሸኝም። ብርድ ነው?

መልስ፦ ከፍታው ሊሆን ይችላል። 4,000 ሜትር ላይ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። በዝግታ ውጣ፣ ውሃ ጠጣ። ራስ ምታቱ ከባሰ ወይም ካስመለሰህ አትጠብቅ፣ ውረድ። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ጥያቄ፦ መሪ መያዝ ግድ ነው? መንገዱ ስልክ ላይ አለ እኮ።

መልስ፦ በበጋ ምናልባት ትችሉ ይሆናል። በክረምት ያዙ። ጉሙ ሲወርድ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን የምትፈልጉበት ጊዜ አለ። ጅብራውን ሰው ነው ብሎ የተጣራ ብዙ ነው። ስልክ ላይ ያለው መስመር ትናንት የሞላውን ጅረት፣ ዛሬ ጠዋት የተናደውን አፋፍ አያውቅም። የአካባቢው ልጅ ያውቃል። ደመናውን አይቶ «አሁን ይወርዳል» ካላችሁ ይወርዳል፤ «እንመለስ» ካለም ተመለሱ፣ አትከራከሩት። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱም ስለ ጸጥታውም ለሚያውቅ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ከመሪያችሁ ጋር ዋጋውን ታች ሳላችሁ ተነጋገሩ፤ በዝናብ ምክንያት ከግማሽ መንገድ ብትመለሱም ሙሉውን ክፈሉት። ለእሱም የዝናብ ልብስ መኖሩን እዩ፤ ከሌለው አንድ ትርፍ ላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ።